ሽበት ያወጡ ዛፎች

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ዶፍ ዝናብ ያዘኝና አንድ ግቢ ቆርቆሮ ሥር ተጠለልኩ። አጠገቤ የወይራ ፍልጥ ተከምሯል። ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውሃ ቅርፊቱን ሲያርሰው አንድ ሽታ ተነሣ፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ መረር ያለ፣ እርጥብ አፈርና የሻይ ቅጠል የተቀላቀሉበት የሚመስል። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አፍንጫዬን ከፍልጡ አስጠጋሁ። የግቢው ባለቤት ብቅ አለችና፣ "እማማ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ ልጄ" አልኳት። ግን እዚያ አልነበርኩም። አሰብ ነበርኩ፤ የዳቦ ጋጋሪው የጋሽ ሙሔ ፎርኖ ጓሮ፣ የማገዶ ቁልል ላይ በደረቴ ተኝቼ፤ ዕድሜዬም አሥር ዓመት።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። አባቴ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። ከደብረ ታቦር ተዛውሮ አሰብ ሲመጣ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ደገኛ ቢለኝም ደጋ የሚባለውን አላውቀውም። ለእኔ ዓለም ማለት ባሕር፣ አሸዋ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ እንዲሁም ከአሥር ሰዓት በፊት በእጅ የማይነካ የበር እጀታ ነው። ዛፍ ብዬ የማውቀውም ወደቡ ቢሮ ደጃፍ በባልዲ ውሃ የሚያድጉትን ኒሞችና አሰብ ከቢር በሚባለው ሰፈር ያሉትን ጥቂት ቴምሮች ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ የሳይንስ መምህር ተመደበልን። መምህር ሥዩም ይባላል። ቀጭን፣ ፊቱን ሙቀት ሽፍ ያደረገበት፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ከጀርባው የተጣበቀ ወጣት ነበር። ያለው አንድ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባለ መስተዋት ትልቅ ቁም ሳጥን ነበር፤ ባዶውን። መምህር ሥዩም አንድ ጠዋት መስተዋቱን በጣቱ አንኳኳና እንዲህ አለን፦

"ይኼን እንሞላዋለን። መጀመሪያ በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚኖር ነገር ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ዛፉን ራሱን አይደለም፤ ቅርፊቱን ቤቴ ብሎ የተቀመጠበትን።"

"ያገኘ ምን ይሸለማል?" አለ አንዱ።

"ከእኔ ጋር ሌላ ሊፈልግ ይሄዳል።"

ከተማው ሁሉ ታመሰ። የወደቡ ዘበኛ ኒሞቹ ላይ የተንጠላጠሉ ልጆችን ሲያባርር ዋለ። አንዱ ጉንዳን በክብሪት ቀፎ ይዞ መጣ፤ አንዱ እንሽላሊት አመጣ፤ አንዱ ደግሞ ከኒሙ ላይ ዝገት የበላው ምስማር ነቅሎ መጥቶ፣ "ብዙ ዘመን ኖሯል" ብሎ ተከራከረ። ሑመድ የሚባል የአፋር ልጅ ነበር፤ አባቱ ራሔይታ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሳምንት ጠፍቶ ከርሞ ከባሕር ውስጥ የሚበቅለውን ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ብቅ አለ፤ ቅርንጫፉ ከላይ እስከ ታች በትናንሽ ነጫጭ ዛጎሎች ተሸፍኗል። መምህር ሥዩም ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ቅናት አንገበገበኝ።

እኔ የጋሽ ሙሔን ማገዶ ያስታወስኩት ያን ዕለት ዳቦ ስገዛ ነው። ጋሽ ሙሔ ከወሎ፣ ከቃሉ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። የጭነት መኪናቸው ትሬንታ ኳትሮ ከአሰብ ጨው ይዛ ትወጣለች፤ ስትመለስ ለፎርኖው ማገዶ ትጭናለች። ፈቃድ ጠይቄ ቁልሉ ላይ ወጣሁ። ፍልጡን አንድ በአንድ እያገላበጥኩ ስፈልግ፣ ከታች በኩል ጥላ ውስጥ ከነበረ አንድ ግንድ ላይ አመድማ ፀጉር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። ጎኑ ላይ ደግሞ የተጨማደደ ቅጠል የሚመስል ተለጥፏል። አሸተትኩት። ያ ሽታ ነው።

"ጋሽ ሙሔ! ይኼ እንጨት ፀጉር አብቅሏል!"

እሳቸው ከፎርኖው አፍ ፊታቸውን እየጠረጉ መጡ። ግንዱን ተቀበሉኝ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት።

"ወላሂ፣ የዛፍ ሽበት ነው" አሉ። "ልጅ ሳለን አገጫችን ላይ እየለጠፍን ሽማግሌ እንሆንበት ነበር።"

"ዛፍ ያረጃል?"

"ምነው አያረጅ? እላይ አገር ያሉት ሁሉም ሽበታም ናቸው።"

ያን ሌሊት ሽበታም ዛፎች ዓይኔ ላይ እየሄዱ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ መምህር ሥዩም ግንዱን አየና ቁጭ አለ። እየተቻኮለ መጽሐፉን ገለጠ።

"ላይከን!" አለ። "ልጆች፣ ይኼ አንድ ፍጥረት አይደለም፤ ሁለት ነው። አንዱ የእንጉዳይ ወገን ነው፤ ሌላው በዓይን የማይታይ አረንጓዴ ነገር። አንዱ ቤት ይሠራል፣ አንዱ ምግብ ያዘጋጃል፤ አንድ ላይ ይኖራሉ።"

"ተጋብተው ነው?" አልኩ።

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እሱም ሣቀና፣ "እንደዚያ ብትይውም ያስኬዳል" አለኝ። እኔ ግን በእውነቱ አመንኩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቁራጭ ባየሁ ቁጥር የትኛው ባል፣ የትኛዋ ሚስት እንደሆነች ለመለየት እታገል ነበር።

ቀጥሎ መምህር ሥዩም ግንዱን አገላብጦ፣ "ግን ይኼ የአሰብ አይደለም" ሲል ልቤ ወደቀ። ተሸነፍኩ ብዬ ነበር። እሱ ግን ዓይኑ እያበራ፣ "የመጣበትን ማየት አለብን" አለ።

አባቴ መጀመሪያ አልሰማም አለ። "ሴት ልጅ ሽበት ልትለቅም ተራራ ትወጣለች? የት የተሰማ ነው!" ጋሽ ሙሔ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጡ።

"አቶ መኰንን፣ ጋቢና ውስጥ ከእኔ ጎን ነው የምትቀመጠው። የምታድረውም እህቴ ቤት ነው። እንደ ወሰድኳት አመጣታለሁ፤ አማና ነች።"

አባቴ ገና መልስ ሳይሰጥ እናቴ ተነሥታ ከሣጥኑ ሥር የራሷን የሱፍ ሹራብ አወጣች። ክርክሩ በዚያው አለቀ።

ነሐሴ ውስጥ ሄድን። እኔና ጋሽ ሙሔ ከሾፌሩ ጋር ጋቢና፣ መምህር ሥዩምና ሑመድ ከኋላ የጨው ኬሻ ላይ። ሁለት ቀን ገደማ በረሃ ነበር፤ መኪናዋ ትፈላለች፣ እንቆማለን፣ ውሃ ታገኛለች፣ ደግሞ እንነሣለን። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባቲን አልፈን መንገዱ ወደ ላይ መጠማዘዝ ሲጀምር ነፋሱ ተለወጠ። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ።

"ጋሽ ሙሔ፣ አሞኛል" አልኩ።

"ምንሽን?"

"ቆዳዬ ሁሉ ተነሣ።"

ሾፌሩ መሪውን ይዞ ሣቀ። ጋሽ ሙሔ ሹራቡን በራሴ አጠለቁልኝና፣ "አብሽሪ፤ ብርድ ይባላል" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከኮምቦልቻ በላይ ወዳለው የየጎፍ ጫካ በእግር ወጣን። ጋሽ ሙሔ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እህታቸው ቤት ቀሩ። ያን ጫካ እንዴት ልናገረው? መጀመሪያ ያስፈራኝ ጥላው ነው። አሰብ ላይ ጥላ ማለት ከግድግዳ ሥር የሚገኝ ጠባብ ነገር ነው፤ እዚህ ተራራውን ሙሉ ጥላ ለብሶታል። ከዚያ ቀና ስል አየኋቸው። ወይራው፣ ጥዱ፣ ኮሶው፣ ሁሉም ሽበታቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል። ከቅርንጫፎቹ ክንድ የሚያክል እየወረደ በነፋስ ይወዛወዛል። ግንዶቹ ላይ ያ ቅጠል መሳይ ተነባብሯል፤ ግን ፎርኖው ጓሮ እንዳየሁት አመድማ አይደለም፤ እንደ ሰላጣ አረንጓዴ ነው። እኔ ከትልቁ ወይራ ፊት ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ሽማግሌ ነዋ!

መምህር ሥዩም አብዶ ነበር ማለት ይቻላል። ከዛፍ ዛፍ ይሮጣል፣ ያጎነብሳል፣ "ይኼን እዩ! ኧረ ይኼን እዩ!" ይላል። የተለጠፈውን ብቻ በትንሽ ቢላዋ ቀስ እያደረገ እየላጠ ይሰጠናል፤ እኛ በሲሚንቶ ወረቀት እንጠቀልላለን፤ እሱ የተገኘበትን ዛፍ ስም ይጽፍበትና ካርቶን ውስጥ ያስገባዋል። ሑመድ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ የተተከለ ጠንካራ እንጉዳይ አገኘና በጥፍሩ አንኳኳው።

"ዛጎል ነው" አለ በእርግጠኝነት። "ባሕሩ እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር ማለት ነው።"

እኩለ ቀን ሲጠጋ እኔ ብቻዬን ወደ ገደሉ ጫፍ ወጣ ብዬ ነበር። ታች ሸለቆው ውስጥ ነጭ ነገር አየሁ። ይንከባለላል። ወደ እኛ ይወጣል። ዛፎቹን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። ወደብ ላይ የጥጥ ጭነት ሲቃጠል ያየሁት ጭስ ልክ እንዲህ ነበር።

"እሳት!" ብዬ ጮኽኩ። "እሳት! ጫካው ተቃጠለ! መምህር! እሳት!"

ድምፄን ተራራው ተቀብሎ አስተጋባው። ከታች ካሉት ጎጆዎች ሰው ሲጯጯህ ሰማሁ። መምህር ሥዩም ቢላዋውን እንደያዘ ሮጦ መጣ፣ "የታለ? የታለ?" እያለ። እጄን ዘረጋሁ። እሱ አየ። እኔን አየኝ። ገና አፉን ሳይከፍት፣ ቅጠላም ቅርንጫፍ የያዙ ገበሬዎች፣ እንስራ ያዘሉ ሴቶች፣ ውሾች ሳይቀሩ እያለከለኩ ደረሱ። ነጩ ነገርም ደረሰ፤ ሁላችንንም ሸፈነን። አይፈጅም። ይቀዘቅዛል። ምንም አይሸትም።

"እሳቱ የታለ?" አሉ አንድ ካኪ ኮት የለበሱ ሰው። የደኑ ጠባቂ ነበሩ፤ አቶ ይመር ይባላሉ። ዱላቸው ከቁመታቸው ይረዝማል።

አቶ ይመር መምህር ሥዩም እጅ ላይ ያለውን ቢላዋ አዩ፤ ከዚያም በወረቀት የተጠቀለለውን ሁሉ።

"አሃ! ቅርፊት ላጮች ናችሁ! ዛፍ ቅርፊቱ ከተላጠ እንደሚሞት አታውቅም? ሰው አሸብራችሁ ልታመልጡ ነበር! ካርቶኑን ወዲህ በል።"

"ጌታዬ፣ እኔ መምህር ነኝ፤ የዛፉን ቆዳ አልነካንም፤ ይኸው የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ..." ደብዳቤው በላብ ርሶ ቀለሙ ተደበላልቋል። አቶ ይመር አላዩትም። ካርቶናችንን አንሥተው ብብታቸው ሥር ሸጎጡት። መምህር ሥዩም ፊቱ አመድ መሰለ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ልመና፣ በእኔ አንድ ጩኸት ገደል ሊገባ ነው።

ወደ አቶ ይመር ሄጄ የኮታቸውን ጫፍ ያዝኩ።

"አባባ፣ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ጭስ መስሎኝ ነው።"

"ጭስ? ምኑ?"

"ይኼ ነጩ።"

"ጉሙን ነው የምትይው? ጉም አታውቂም?"

"አላውቅም። ከአሰብ ነው የመጣነው። እኛ አገር ሰማይ እታች ወርዶ አያውቅም።"

ያኔ ከራሳችን በላይ ከወይራው ቅርንጫፎች መሐል የሑመድ ድምፅ መጣ።

"መምህር፣ ልውረድ? ውሃው ሄደ?"

"የምን ውሃ?" አለ መምህር ሥዩም።

"ባሕሩ! ባሕሩ ሲመጣ አይቼ ነው የወጣሁት።"

መጀመሪያ አንዲት እንስራ ያዘለች ሴት ሣቀች። ከዚያ ተያያዘ። ገበሬዎቹ በቅርንጫፎቻቸው ተደግፈው ሣቁ፤ አቶ ይመር ሊቆጡ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ዓይናቸውን በካኪ እጅጌያቸው ጠረጉ። ካርቶኑን መልሰው ሰጡን። አልፈው ተርፈው እጄን ይዘው፣ "ነይ፣ ነፋስ የጣለው አንድ ኮሶ አለ፤ የፈለግሽውን ከዚያ ውሰጂ፤ የቆሙትን ግን ተዉልኝ" አሉና በጉሙ ውስጥ እየመሩ ወሰዱን። ያ የወደቀ ኮሶ የእንጉዳይ ከተማ ነበር፤ ብርቱካንማው፣ ቡኒው፣ የአይጥ ጆሮ የሚያክለው፣ ሰሐን የሚያክለው። ሌላ ሁለት ካርቶን ሞላን።

ስንመለስ መምህር ሥዩም የላይከኖቹን ካርቶን ለእኔ ሰጠኝ። "እግርሽ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ያዣት። ፀሐይ እንዳያገኛት" አለኝ። ባቲን ወርደን በረሃው ሲጀምር ጋቢናው እንደ ፎርኖ ጋለ። እኔ ራሴ መተንፈስ አቃተኝ፤ እነዚያ ባልና ሚስቶች ክዳን ሥር ምን ይሆኑ? ሰርዶ ላይ መኪናዋ ውሃ እስክትሞላ ቆምን። ካርቶኑን አወረድኩና ነፋስ ያግኛቸው ብዬ ከፍቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሑመድ ግመሎች ሊያሳየኝ ጠራኝ። ረሳሁት።

ስመለስ አረንጓዴ የሚባል አልቀረም። ሁሉም አመድ መስለዋል፤ አንዱን ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተሰበረ። ክዳኑን ዘጋሁና ጋቢና ገባሁ። አሰብ እስክንደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ እንዳዞርኩ ቀረሁ። ጋሽ ሙሔ ደክሟት ነው ብለው ጋቢያቸውን ደረቡልኝ።

መምህር ሥዩም ካርቶኑን ሲከፍት አልነበርኩም። ምንም አልጠየቀኝም፤ ያ ይበልጥ አሳመመኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ። እናቴ ግንባሬን ትዳስሳለች፣ ወባ ትላለች። እኔ ግን ስንት ባል፣ ስንት ሚስት እንደገደልኩ በልቤ አስባለሁ።

ትምህርት በተከፈተ ሳምንት ቁም ሳጥኑ ተመረቀ። ወላጆች መጡ፤ አባቴ ክራባት አሠረ፤ ጋሽ ሙሔ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው የተማሪ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደምንም ተቀመጡ። ከዳይሬክተሩ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ በሣህን የተቀመጠ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር። ሑመድ እንጉዳዮቹን አሳየ፤ ሰው ተደነቀ። ከዚያ መምህር ሥዩም የላይከኖቹን መደርደሪያ ከፈተ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱ።

"መምህር፣ ይኼኛው ምንድን ነው? የምድጃ አመድ ይመስላል።"

"ላይከን ነው ጌታዬ። እ... በመንገድ ደርቋል።"

"የሞተ ነገር ለምን መስተዋት ውስጥ እናኖራለን? ይኼን መደርደሪያ ለእግር ኳሱ ዋንጫ ብናደርገው ይሻላል።"

መምህር ሥዩም አቀረቀረ። አላስቻለኝም።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው!" ብዬ ተነሣሁ። አባቴ "ትርንጎ!" ሲለኝ ሰማሁ፤ ግን አንዴ ጀምሬያለሁ። "ሰርዶ ላይ ፀሐይ ላይ ከፈትኳቸው። መምህር ጥላ ውስጥ ያዣት ብሎኝ ነበር። ነፋስ ያግኛቸው ብዬ ነው። ሙቀት ገደላቸው፤ ውሃ ጠምቷቸው ሞቱ!"

ውሃ ስል ብርጭቆው ታየኝ። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም። ከዳይሬክተሩ ፊት አነሣሁና እያለቀስኩ መደርደሪያው ላይ፣ ትልቁ ቅጠል መሳይ ላይ አፈሰስኩት። ውሃው በመስተዋቱ ወርዶ መሬቱን አራሰው። አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ዳይሬክተሩ፣ "ምን ዓይነት ልጅ ነች!" አሉ።

"ቆይ" አለ መምህር ሥዩም። "ቆይ፤ ማንም እንዳይነካው።"

አመድማው ቅጠል መሳይ ውሃውን መጠጠው። ጫፎቹ ቀስ ብለው ተዘረጉ፤ የተጨበጠ እጅ የሚፈታ ይመስል ነበር። ከዚያ ከጫፉ አንድ ነገር ጀመረ። ማመን አቅቶኝ ዓይኔን አሸሁ። አረንጓዴ! እየሰፋ፣ እየሮጠ ወደ መካከል ገባ፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እያየን ቅጠሉ በሙሉ እንደ ሰላጣ ለመለመ። የዚያ ጫካ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

"ሱብሃነላህ!" አሉ ጋሽ ሙሔ ከአግዳሚው ተነሥተው። "አገሬ ሸተተኝ።"

"ይኼ እንዴት ይሆናል?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"አላውቅም" አለ መምህር ሥዩም። እየሣቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን ርሷል። "መጽሐፌ ላይ የለም። እኔም ዛሬ ነው ያየሁት።" ደብተሩን አወጣና ፊቴ በርከክ አለ። "ትርንጎ፣ ንገሪኝ። መጀመሪያ የተለወጠው ጫፉ ነው ወይስ መካከሉ?"

"ጫፉ" አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግሁ። "መጀመሪያ ተዘረጋ፤ ከዚያ ነው አረንጓዴ የሆነው።"

እንዳልኩት፣ አንድ ቃል ሳይለውጥ ጻፈው። አባቴ ክንዴን ለቀቀኝ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን ወልውለው መለሱና ወደ በሩ ዞረው፣ "ሌላ ውሃ አምጡ!" ብለው አዘዙ። ውሃው ሲመጣ አልጠጡትም። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የቀሩት አመድማዎች ወዳሉበት መደርደሪያ ቀረቡ።